ዘፈኑ ላይ የነበረው ቀዳዳ እኔ ነበርኩ

«ግድ የለም» የምትባለውን ነገር ማን እንደፈጠራት ባውቅ ቤቱ ድረስ ሄጄ እሟገተው ነበር። እሟገተው ነበር አልኩ እንጂ፣ በሩን ከፍቶ «ግባ» ቢለኝ «ግድ የለም፣ እዚሁ ቆሜ ላናግርህ» እንደምለው አውቃለሁ። እንዲያውም ሳላናግረው እመለስ ይሆናል። ሰውየው ሥራ ቢኖረውስ?

እኔን መሰሎች ራሳችሁን ታውቃላችሁ። ሚኒባስ ውስጥ ጥግ ላይ ተጣብቃችሁ፣ ግማሽ መቀመጫችሁን አየር ላይ አንጠልጥላችሁ፣ ረዳቱ «ተመቸህ?» ሲላችሁ «በጣም» የምትሉ ናችሁ። ድግስ ቤት «አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» ስትሉ ሆዳችሁ ከሥር ጮሆ የሚያሳጣችሁ ናችሁ። ሰው ቴሌቪዥን እያየ በፊቱ ማለፍ ግድ ከሆነባችሁ ወገባችሁን ሰብራችሁ፣ እጃችሁን ወደፊት ዘርግታችሁ፣ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያላችሁ የምታልፉ ናችሁ። እኔማ ከዚህም እብሳለሁ። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ፣ ቴሌቪዥኑ ጭልም ብሎ፣ ቤት ውስጥም ማንም ሳይኖር በፊቱ ጎንበስ ብዬ አለፍኩ። ባለቤቴ መዲና ከበር ላይ አይታኝ ኖሮ «ይመር፣ ማንን እንዳትጋርድ ነው?» አለችኝ። (ግድቡ እኛው ክልል ጉባ ላይ ተገትሮ እንዴት አሶሳ ላይ መብራት ይጠፋል የምትሉ ካላችሁ፣ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የማውቀው የክር ገመድ ብቻ ነው። ምናልባት መብራቱም እንደኔ ይሉኝታ ይዞት ይሆናል።)

የሚያስቀው ደግሞ ረጅም ነኝ። ቀጥ ብዬ ስቆም ጭንቅላቴ የበር መቃን ይነካል። ግን ቀጥ ብዬ ስቆም ያየኝ ሰው የለም።

ይህ አመል ከየት መጣ ብትሉ፣ ከእናቴ ነው። እናቴ በደርግ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ ወደ አሶሳ የመጣች ሴት ናት። ምን አይታ፣ ምን አልፋ እንደመጣች የራሷ ታሪክ ነው፤ ለእኔ የደረሰኝ ምክሯ ነው። «ልጄ፣ የሰው አገር ነው ያለነው፤ ድምፅህን ቀነስ፣ እግርህን ሰብሰብ አድርግ» ትለኝ ነበር። እሷስ እውነቷን ነው፤ እንግዳ ነበረች። ጉዱ ያለው እኔ ላይ ነው። የተወለድኩት እዚሁ፣ እትብቴ የተቀበረው እዚሁ፣ የወተት ጥርሴ የወለቀው እዚሁ ጥሬ ማንጎ ስግጥ ነው። ይህ ሁሉ ሆኖ ምክሩን እንደ ውርስ ተረክቤ፣ በተወለድኩበት ከተማ እንግዳ ሆኜ ጎረመስኩ፣ እንግዳ ሆኜ አገባሁ፣ አሁን ደግሞ እንግዳ ሆኜ ልሸብት ነው። እንዲህ የሰነበተ እንግዳ የት ታውቃላችሁ?

ሥራ ቦታዬንም እዩልኝ። ገበያው አጠገብ አንድ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዬን አቁሜ የሰው ትከሻ እየለካሁ እኖራለሁ። ከጎኔ ሙሉጌታ የሚባል ጫማ ነጋዴ አለ። ሙሉጌታ ክፉ ሰው አይደለም፤ ጫማዎቹ ግን ይራባሉ። መጀመሪያ ሸራ ጫማዎቹ ወደኔ ጠጋ አሉ፤ ራቅ አልኩ። ቀጥሎ ነጠላ ጫማዎቹ መጡ፤ ግድ የለም፣ ራቅ አልኩ። የክረምቱ ቦቲ ሲመጣ የመኪናዬ ሁለት እግሮች ከበረንዳው ወርደው የጎርፍ መውረጃው ቦይ ውስጥ ገቡ። ድንጋይ አስደገፍኳቸውና ሥራዬን ቀጠልኩ። ይኸው እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ግማሽ ሰውነቴ በረንዳ ላይ፣ ግማሹ ቦይ ውስጥ ሆኖ ነበር የምሰፋው። ዝናብ ሲጥል እግሬን እየታጠብኩ እሰፋለሁ። ለሙሉጌታ አንድም ቀን ትንፍሽ አላልኩም። እንዲያውም ጠዋት ጠዋት ቀድሜ «እንዴት አደርክ» የምለው እኔ ነኝ።

እንግዲህ ወደ ነገሬ ልግባ።

አባ ናስር የሚባሉ የበርታ ሽማግሌ ጎረቤት አሉኝ፤ አጥራችን አንድ ነው። የሰፈራችን ዙምባራ መሪ እሳቸው ናቸው። ዙምባራን ለማታውቁ፣ ከቅል የሚሠራ ረጅም መለከት ነው፤ ክንድ የምታህል ትንሽ አለች፣ ሰው የሚያህል ትልቅም አለ። የሚገርመው ምን መሰላችሁ፣ አንዱ መለከት ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ብቻውን ዘፈን መጫወት የሚችል ሰው የለም። አንደኛው ሲነፋ ሁለተኛው እሱን ሰምቶ ይገባል፣ ሦስተኛው ሁለተኛውን ሰምቶ ይገባል፣ እንዲያ እየተቀባበሉ እየዞሩ ነው ዘፈኑ ዘፈን የሚሆነው። መኸር ተሰብስቦ መለከቶቹ ከተሰቀሉበት ሲወርዱ እኔም በየዓመቱ እሰማለሁ። የምሰማው ግን በአጥሩ ቀዳዳ ነው። አባ ናስር ግባ ሲሉኝ «ግድ የለም አባ፣ ከዚህም ይሰማል» እላቸዋለሁ።

ዘንድሮ የአባ ናስር ልጅ አሻ ልትዳር ሆነ። ሙሽራው የጎረቤት ወረዳ የሆሞሻ ልጅ ነው። አሻ የሰርጓን ቀሚስ ያሰፋችው እኔ ዘንድ ነበርና ልለካት ስል «ጋሼ ይመር፣ ከታች ሰፋ አድርግልኝ፤ በአባቴ ዙምባራ እጨፍርበታለሁ» አለችኝ። ከዚያ ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጭንቀቷን ነገረችኝ። የሙሽራው አጎት ዙምባራ የድሮ ነገር ነው፣ ሰርግ በሞንታርቦ ነው የሚያምረው ብሎ፣ ድምፅ ማጉያውን በአይሱዙ ጭኖ ሊመጣ ነው። አባቷ ደግሞ ልጅ ሳለች ጀምሮ «አንቺን በዙምባራ ነው የምሸኝ» ብለው ቃል ገብተውላታል። በመጨረሻ የተስማሙት ዙምባራው ይጀምር፣ ካልሆነ ግን ሞንታርቦው ይቀጥል በሚል ነው። አሻን የጨነቃት «ካልሆነ» የምትለዋ ነበረች። ሰው ጎድሏላ! ጎረምሶቹ ሥራ ፍለጋ ወደ ማንኩሽ ሄደዋል፤ የመሐሉን መለከት ለዘመናት የነፉት ሽማግሌው ሐሚድ ደግሞ የፊት ጥርሳቸው ታሞ ተነቅሎ ከንፈራቸው አብጧል። ጥርስ የሌለው ሰው ዙምባራ አይነፋም። የመሐሉ መለከት ከሌለ ደግሞ ዘፈኑ እዚያች ቦታ ሲደርስ ይወድቃል።

እኔም «አይዞሽ፣ አብሽሪ» ብዬ ቀሚሷን ቀጠልኩ። ምን አገባኝ? ይህን ባልኩ በማግስቱ ነው ዱብ ዕዳው የመጣው።

ከሰዓት በኋላ ዙምባራውን ሲሞክሩ የነበሩ ሰዎች ድምፅ በገበያው ጫጫታ መሐል ቀጭን ሆኖ ይሰማል። እኔ ቦይ ውስጥ ሆኜ እሰፋለሁ። ቀና ስል አባ ናስር ቆመው እግሬን ያያሉ፤ ፊቴን አይደለም፣ እግሬን። የመኪናውን መርገጫ በዘፈኑ ምት ነበር የምረግጠው ለካ። በሐሚድ ቦታ ላይ፣ ዘፈኑ በሚጎድልበት ላይ፣ እግሬ ጠንከር አድርጎ ይረግጣል።

«እግር የአንተ ዘፈን ያውቃል» አሉኝ። «ነገ ይመጣል አንተ።»

የአባ ናስር አማርኛ እንዲህ ነው፤ አንተና እሱ፣ ወንድና ሴት ብሎ አይጨነቅም። እንዳትስቁባቸው፤ የእኔን የበርታ ቋንቋ ብትሰሙ እንባ ነው የሚቀድማችሁ።

ለምን እምቢ አላልክም ትሉኝ ይሆናል። እምቢ ማለት ራሱ ድፍረት አይጠይቅም? እኛ ግድ የለሞች «እሺ» ማለትም ያሳፍረናል፣ «እምቢ» ማለትም ያሳፍረናል፤ ሁለቱ ሲመጡብን የምትቀርበን «እሺ» ናት። ሄድኩ።

በአባ ናስር ግቢ ማንጎው ሥር ክብ ሠርተው ቆመዋል። የመሐሉን መለከት ሰጡኝ። አነፋፉን በአንድ ከሰዓት በኋላ አሳዩኝ፤ ብቻዬን ስሞክረው ደህና አድርጌ ይወጣልኝ ጀመር። ክቡ ውስጥ ገብተን ተራዬ ሲደርስ ግን ያ አመሌ ከች አለ። እነዚህ ሰዎች ከአባት ከአያት የወረሱት ነገር መሐል እኔ ማን ነኝና እጮሃለሁ ብዬ፣ ሻይ እንደሚያቀዘቅዝ ሰው «ፉ» አልኩ። በትሕትና። በአክብሮት። ከጎኔ ያለው ሰው የእኔን ድምፅ ሰምቶ ነበር መግባት ያለበት፤ ምን ይስማ? ሳይገባ ቀረ። ከእሱ ቀጥሎ ያለውም ቀረ። ዘፈኑ እንደ ተተረተረ ሹራብ እስከ መጨረሻው ሄደ። አባ ናስር አስቆሙና ማን ነው የጠፋው ብለው ጠየቁ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እኔም ዞርኩ፤ ከኋላዬ ሰው ያለ መስሎኝ።

«ይመር፣ አንተ ደግ ሰው ነው» አሉ አባ ናስር። «ግን ዘፈን ቀዳዳ አለው።»

የእናንተን ድምፅ እንዳልሸፍን ብዬ ነው፣ እኔ እኮ እዚህ እንግዳ ነኝ ብዬ ምክንያት ደረደርኩ። አባ ናስር፣ እንዲያው የምር ማወቅ የፈለጉ ይመስል፣ «እንግዳ ከሆነ፣ መቼ ይሄዳል?» አሉኝ።

ክቡ በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ምክንያቱም እውነት ነው፣ የምሄድበት የለኝም። የወሎ ዘመዶቼ እንኳ ስሄድ «የአሶሳው መጣ» ነው የሚሉኝ። አባ ናስር ሳቁን እስክንጨርስ ጠብቀው «ካልሄደ፣ ንፋ» አሉና ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ነገሩ እንዲህ አጭር ነው ብሎ የነገረኝ ሰው እስከዛሬ አልነበረም።

መስማትና መቻል ግን ለየቅል ናቸው። መለከቱን ቤት ይዤ ገባሁና ልለማመድ ስል ብርድ ልብስ ውስጥ ተሸፍኜ ጀመርኩ። መዲና ብርድ ልብሱን ገለጠችው። መዲና፣ አልነገርኳችሁም እንጂ፣ የእኔ ተቃራኒ ናት፤ ገበያ መሐል ሆና ሰላም ስትል ከሰፈር ይሰማል። «ምን እያደረግክ ነው?» አለችኝ። ጎረቤት እንዳልረብሽ ነው አልኳት። ወገቧን ይዛ አየችኝና «አንተ ሰውዬ፣ ንፋ ብሎ የሰጠህ ማነው? ጎረቤቱ አይደለም እንዴ!» አለች። ይህችም እውነት ናት። በዚያ ሰሞን ሁሉም ሰው ለእኔ እውነት ለመናገር የተማማለ ነበር የሚመስለው።

የሰርጉ ቀን ደረሰ። ፀሐዩ የሚጣፍጥ፣ ሰማዩ የጠራ፣ ሰው የተሰበሰበ! የሆሞሻ ሰዎች እየጨፈሩ ገቡ፤ ከኋላቸው አይሱዙው መጣ፤ አይሱዙው ላይ ቁም ሳጥን የሚያህሉ ሁለት ሞንታርቦዎች። ባለሞንታርቦው ጥቁር መነጽር አድርጓል፣ ገመዱን ዘርግቶ ጨርሶ ክንዱን አጣጥፎ ቆመ። የሙሽራው አጎት አጠገቡ ቆሞ የጥሞና ፊት ይዟል። አሻ በዳሱ ጥላ ሥር በእኔው ቀሚስ ደምቃ ተቀምጣለች። ዓይኗን ተከተልኩት፤ የሚሄደው አባቷ ላይ አይደለም። እኔ የያዝኩት መለከት ላይ ነው።

ተጀመረ። አንደኛው ነፋ፣ ሁለተኛው ተቀበለው፣ እየመጣ፣ እየመጣ፣ እኔ ጋ ደረሰ። እኔስ? «ፉ»።

ይኸው ነው። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ሻይ አቀዘቀዝኩ። ጎኔ ያለው ሰው ተደናቀፈ፣ ቀጣዩ ተደናቀፈ፣ ዘፈኑ አነከሰ። እየዞርን ስለነበር አላቆምንም፤ እንደገና ከመጀመሪያው ተነሳ። በዓይኔ ጥግ ባለሞንታርቦው የተጣጠፈ ክንዱን ሲፈታና እጁን ወደ ማጉያው ሲሰድ አየሁ። አሻ አንገቷን ደፋች። አባ ናስር ወደ እኔ አላዩም፤ ቢያዩኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚህ መሐል አንገታቸውን በሻሽ የጠመጠሙ ሽማግሌ ሕዝቡን ጥሰው ወደ ክቡ ጠጋ አሉ። ሐሚድ! የመለከቱ ባለቤት! አቤት ደስታዬ። ከጭንቅ የሚገላግለኝ መጣ። ዘፈኑ ገና እኔ ጋ ሳይደርስ እጄን ዘርግቼ መለከቱን አቀረብኩላቸው፤ ጎንበስ ብዬ፣ በሁለት እጄ፣ «እንኳን መጡ፣ ቦታዎት ነው» የሚል ፊት ይዤ። ሐሚድ መለከቱን አዩት፣ እኔን አዩኝ። ከዚያ አፋቸውን ወለል አድርገው ከፍተው አሳዩኝ። ጥርስ የለም። ቀዳዳ ነው ያለው። አፋቸውን ዘጉና በጣታቸው መለከቱን ገፋ አድርገው ወደ ደረቴ መለሱት።

እዚህ ላይ ነው የገባኝ፣ ወገኖቼ። ሚኒባስ ውስጥ ብጠብ ሌላው ይሰፋል። ድግስ ላይ ባልበላ ሌላው ይበላልኛል። የትም ብለቅ ቦታዬን የሚሞላ ሰው አይጠፋም፤ ደግነት የመሰለኝም ለዚህ ነው። እዚህ ክብ ውስጥ ግን ያችን አንዲት ድምፅ የያዘው መለከት አንድ ብቻ ነው፣ እሱም እጄ ላይ ነው። እኔ ካልነፋሁ ማንም አይነፋትም። የእኔ ማነስ ማንንም አላገለገለም፤ የአሻን ሰርግ ነው የሚያበላሸው።

ዘፈኑ መጣ። ወገቤን አቀናሁ። ስቀና ስቀና የዳሱ ጠርዝ ራሴን ነካኝ፤ ይህን ያህል ረጅም መሆኔን ረስቼው ኖሯል። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ሆዴን ሞልቼ፣ ነፋሁ።

አጃኢብ ነው! ይህ ድምፅ ከእኔ ወጣ? ጠቅላላ ግቢውን ነው የነካው። ማንጎው ላይ የነበሩት ወፎች በሙሉ ተነሱ። ፍየል ገመዷን በጥሳ ሮጠች። ጎኔ ያለው ሰውዬ ከመደንገጡ የተነሳ ሳያስበው ገባ፣ ቀጣዩ ተቀበለው፣ ቀጣዩም፣ ዘፈኑ ሞላ። ዞሮ እኔ ጋ ሲመለስ ጓጉቼ ነበር የጠበቅኩት። ነፋሁ! ደግሞ ዞረ፣ ደግሞ ነፋሁ! መሬቱ ከእግራችን ሥር ይደልቃል፣ እልልታው ቀለጠ፣ አቧራው ተነሳ። ደስ አለኝ። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ስዳር እንኳ ይህን ያህል ደስ አላለኝም፤ ያን ቀን አንገቴን ደፍቼ ስለዋልኩ የሰርጌን ትዝታ ብትጠይቁኝ የማስታውሰው ጫማዬን ነው። መዲናን በሴቶቹ መሐል አየኋት፤ እየጨፈረች ታለቅሳለች፣ እያለቀሰች «የኔ ባል ነው! ያ ረጅሙ!» ትላለች። እኔም አላፈርኩም። አሻ ተነሳች። ከታች ሰፋ ያደረግኩት ቀሚስ ሲሽከረከር፣ ሰፋ ማድረጌ ልክ እንደነበር አየሁ። የሙሽራው አጎት ራሱ ትከሻውን መቆጣጠር አቃተው።

ባለሞንታርቦውስ? ገመዱን ጠቅልሎ ሲያበቃ እኔ ጋ መጣና ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብሎ ለመነኝ።

«ወንድሜ፣ ቀስ ብትል ምናለ? ጆሮዬን እኮ አደነቆርከኝ።»

ይህን ሁለት ሞንታርቦ ጭኖ የመጣ ሰው ነው የሚለኝ! በዕድሜዬ ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና አልሰማሁም።

አባ ናስር ማታውን ሙሽሪት ስትሸኝ አላዋሩኝም፤ ልጃቸውን ይሸኙ ነበርና እንባቸው በቂ ሥራ ነበረው። በማግስቱ ግን ከአጥሩ ወዲያ ሲጠሩኝ ሰማሁ። እንደ ልማዴ ወደ ቀዳዳው ሄጄ አጎንብሼ ልሰማ ስል፣ ቀዳዳው በአዲስ ቀርከሃ ተደፍኗል። «በር አለ» አሉ ከወዲያ። ዞሬ በበሩ ገባሁ።

ሰኞ ገበያ ወረድኩ። ከሙሉጌታ በፊት ደርሼ የስፌት መኪናዬን ከቦይ አወጣሁና በረንዳው ላይ፣ በድሮ ቦታዋ፣ አቆምኳት። ቦቲዎቹን በሥርዓት ሰብስቤ ወደ እሱ በኩል ደረደርኳቸው። ከዚያ ተቀምጬ ጠበቅኩት። የምለውን ሁሉ ሌሊቱን ሳጠና ነው ያደርኩት። ስለ ፍትሕ፣ ስለ ጉርብትና፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ እግሬ፣ ስንቱን ዓመት እንደታገስኩ።

ሙሉጌታ መጣ። መኪናውን አየ፣ ቦቲዎቹን አየ፣ ቦዩን አየ። ፊቱ በራ።

«እሰይ፣ መጣህ?» አለኝ። «እኔኮ ነፋሻ ቦታ ፈልገህ መስሎኝ ነው። ራቅ ራቅ ስትል ጊዜ፣ መሐላችን ክፍት ሆኖ ሌባ እንዳይገባበት ብዬ ነው ጫማ የሞላሁበት። ‹ጠጋ በል› ብትለኝ ያኔውኑ እጠጋልህ አልነበር?»

ሌሊቱን ያጠናሁት ንግግር አፌ ውስጥ ቀለጠ። ያ ሁሉ ክረምት፣ ያ ሁሉ ጎርፍ፣ ያ ሁሉ የረጠበ ካልሲ! ውረድ ያለኝ ሰው አልነበረም ማለት ነው።

ሙሉጌታ ዕቃውን እያራገፈ ትንሽ ቆየና፣ ይህችን የሕፃናት ጫማ ብቻ ጥግህ ላይ ላስቀምጣት፣ ቦታ አትይዝም አለኝ። እንደ ድሮዬ «ግድ የለም» ልል አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ዋጥኩትና «አይ፣ ወደ አንተ ጠጋ አድርጋት» ብዬው፣ ቀጥ ብዬ ተቀምጬ፣ መርገጫውን ረገጥኩ።